የአማረች የአልጋ ልብስ

ዳንቴል በሜትር ይሸጣል አሉኝ። ሶዶ ገበያው ዳር ከተደረደሩት የጨርቅ ሱቆች አንዱ ገብቼ የኪሮሽ ክር አለ ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ ባለሱቁ ከስልኩ ቀና ሳይል "ክሩን ምን ያደርጉታል እማማ፣ የተሠራው እያለ?" ብሎ አንድ ትልቅ ጥቅልል ጎተተልኝ። ላስቲክ ነው። አበባ በአበባ ተደርጎ የተበሳሳ፣ ሲነኩት የሚንሿሿ፣ ገና ከመኪና የወረደ ጎማ የሚሸት ነጭ ላስቲክ። "ወጥ ቢደፋበት እንኳ በጨርቅ ጠረግ ማድረግ ነው። ስንት ሜትር ልቁረጥ?" አለኝ። ለዚህ ሰው ምን እመልስለታለሁ? የእናቱን ዳንቴል የባጃጅ መስታወት መወልወያ ያደረገ ትውልድ ነው። ሰርግ ቤት ብትሄዱም ይኸው ላስቲክ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ላስቲክ፣ ወንበሩ ላይ ላስቲክ፣ ከጣሪያው የሚንጠለጠለው አበባ ላስቲክ። ሙሽሮቹ ራሳቸው ቪዲዮ ቀራጩ "ፈገግ በሉ" ሲላቸው ፈገግ፣ "በቃ" ሲላቸው በቃ ይላሉ። ክር ፍለጋ ሦስት ሱቅ ዞርኩ። በመጨረሻ አንዲት የፀጉር ጌጥ የምትሸጥ ሴት ከመደርደሪያዋ ሥር አቧራ የጠጣ ክር አውጥታ፣ ከዕቃው ጋር እኔንም ከላይ እስከ ታች እያየች ሸጠችልኝ።

ክሩን የፈለግኩት ለአማረች ነው። አማረች ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ የተቀመጠች ጓደኛዬ ናት። እሷ ከገሱባ ወዲያ ካለ ገጠር ዘመድ ቤት ተጠግታ ለመማር ሶዶ የመጣች፤ እኔ ደግሞ አያቶቼ ከሰሜን በሹመት መጥተው እዚሁ የቀሩ የከተማ ልጅ። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። እሁድ ከሰዓት እኔ ከቤተ ክርስቲያን፣ እሷም ከጸሎት ቤቷ ስንመለስ እሷ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሰው ስናማ ዓመታት አለፉ። ዘንድሮ፣ ሁለታችንም ስልሳን በተሻገርንበት፣ ጉልበታችን ደረጃ ባየ ቁጥር በሚያማርርበት ዕድሜ ደወለችና "ጥሩዬ፣ ላገባ ነው" አለችኝ። ስልኩ የተበላሸ መሰለኝ።

"ማንን?" አልኳት።

"ማርቆስን።"

"የቱን ማርቆስ?"

"መናኸሪያ የነበረውን።"

እግዚአብሔር ያሳያችሁ። ይህ ማርቆስ ዕድሜውን ሙሉ መናኸሪያ ቆሞ "ቤሌ! ቤሌ! ቤሌ!" እያለ ወደ ቤሌ ከተማ ለሚሄድ አውቶቡስ ሰው ሲጠራ፣ ትኬት ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው። በዚያ ሥራው ድምፁን ጨርሶት ይሁን እንጃ፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሲናገር የሰማው የለም። ሻይ ያለ ስኳር ብታቀርቡለት ያለ ስኳር ይጠጣል። ወንበር ከሌለ ይቆማል። ሚስቱ የሞተችበት ነው፣ ልጆቹም አዲስ አበባ ናቸው፤ በዓመት አንዴ መጥተው ፎቶ አብረውት ተነሥተው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ጎረቤቱ አጥሩን ገፍቶ ግቢውን ቢወስድበት፣ ማርቆስ ወጥቶ ለአጥር ሠሪዎቹ ውኃ ሰጣቸው ብለው ነግረውኛል፤ እኔም አምኛለሁ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ይኸኛውማ ጅቡን "ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ" የሚል ነው። አልጠላሁትም፤ ለመጥላትም የሚሆን ነገር አልነበረውም። እኔን ያናደደኝ እሁድ ከሰዓቴን እንዲህ ላለ ሰው መልቀቄ ነው።

ሆኖም ጓደኛ ታገባለች ከተባለ ዳንቴል መሠራቱ የማይቀር ነው። እኛ እንዲያ ነው ያደግነው። ኪሮሼን ከሳጥን አውጥቼ የመጀመሪያውን ሰንሰለት ስጀምር ጣቶቼ ከእኔ ቀድመው ትዝ አላቸው።

ልጃገረዶች ሳለን የዳንቴል ክር የሚገኘው ዐረብ ቤት ነበር። ዐረብ ቤት የምንለው አንድ የመናዊ ሽማግሌ በሩ ላይ ወንበር አውጥተው የሚቀመጡበትን፣ የላምባና የቴምር፣ የሳሙናም ሽታ የተቀላቀለበትን ሱቅ ነው። አንዱ ድቡልቡል ክር ሰባ አምስት ሳንቲም፤ ባለቀለሙ ስሙኒ ይጨመርበታል። ኪሮሽ መግዛት የማትችል ልጅ ከብስክሌት ጎማ ሽቦ ታስሞርዳለች፤ አማረች የሠራችበት ያ ነው፣ ከእኔ ከተገዛውም ይበልጥ ነበር። ዘመኑ የቱ እንደ ነበር አልናገርም፤ የዘመኑን ፖለቲካ የሚያወሩ በቂ ውሸታሞች አሉ። እኔ የማስታውሰው ቀበሌ ስብሰባ ስንጠራ ክራችንን በጉያችን ይዘን እንገባ እንደ ነበር ነው። ሰብሳቢው ከመድረክ ላይ ስለ ዓለም ሕዝቦች ጉሮሮው እስኪነቃ ይጮኻል፣ እኛ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ አንገታችንን ደፍተን እንጠልፋለን። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ፍሬ ያለው ሥራ የሚሠራው እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻ ነበር። ወንዶቹ ጫፉ መንገድ የሚጠርግ ቤልቦተም ለብሰው፣ ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ ማበጠሪያውን እዚያው ፀጉራቸው ላይ እንደ ሰኩ ሻይ ቤቱ ጥግ ይቆማሉ። ከሻይ ቤቱ የሚወጣው ዘፈን ልክ የሚጣፍጠው ቦታ ላይ ሲደርስ ካሴቱ ይጠመጠማል፤ ባለቤቱ እየተሳደበ በእስክሪብቶ ያጠነጥነዋል። ዘፈኑ እስኪመለስ ሁሉም ዝም ብሎ ይጠብቃል። አሁን እዚያ ጥግ ላይ ባንክ አለ፣ ከባንኩ ፎቅ ላይ ሌላ ባንክ፤ ዘፈኑን የሚጠብቅም የለም፣ በጣቱ አሳልፎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል።

የእኛ ሰፈር ወይዛዝርት፣ እናቴን ጨምሮ፣ ዳንቴል የሚያደርቁት በስኳር ነበር። ሥራው ሲያልቅ ስኳር በውኃ አንጥረው ይነክሩታል፣ ፍራሽ ላይ በስፒል ወጥረው ያደርቁታል፤ ያኔ እንደ ሰሌን ቀጥ ይላል። ስኳር በራሽን በሚታደልበት ጊዜ ልጆች ሻይ መራራ እየጠጡ፣ የራዲዮኑ ልብስ ስኳር ይጠጣ ነበር። አማረች አንድ ቀን ቤታችን መጥታ ይህን ስታይ ሳቀች። "እኛ በቡላ ነው" አለች። ቡላ ማለት ከእንሰት ተጨምቆ የሚወጣው፣ ለገንፎ የሚሆነው ነጭ ዱቄት ነው። እሱን በቀጭኑ አፍልተው ነክረው ሲያደርቁት ከስኳሩ ይበልጣል። እናቴ አፍንጫዋን ነፋች። "የእንሰት ነገር በሳሎኔ አይገባም" አለች፤ እንሰት ባበላው አገር ሦስት ትውልድ ኖረን። ክረምቱ ሲገባ ጉንዳን በመስኮት በኩል በሰልፍ ገብቶ ከጠረጴዛ ወደ ራዲዮ፣ ከራዲዮ ወደ ሶፋ እየተሻገረ የሳሎኑን ዳንቴል ሁሉ ወረረው። በቡላ የደረቀው የአማረች ዳንቴል ግን ምንም አልሆነም። እናቴ ከዚያ በኋላ ቡላ ከገበያ ታስገዛ ጀመር፤ ለሴቶቹ ግን "የፈረንጅ ስታርች ነው" ትላቸው ነበር። እንዲህ ያለውን ኩራት የትም አገር አላየሁም።

ጓደኛ ስታገባ የአልጋ ልብሱን የምንሠራው ተካፍለን ነው። ትልቅ ስለሆነ አንዲት ሴት ብቻዋን አትጨርሰውም። እያንዳንዷ የድርሻዋን አበቦች ቤቷ ትሠራለች፣ ከዚያ ተሰብስበን እንገጣጥማለን። ሙሽራዋ ኪሮሽ መንካት አይፈቀድላትም፤ በገዛ እጇ ለራሷ አልጋ ከሠራች ምን ጓደኛ አላት ይባላል። የአንዷ እጅ ጥብቅ፣ የሌላዋ ልል ስለሆነ አንዳንዱ አበባ ያንሳል፣ አንዳንዱ ያብጣል፤ ሙሽራዋ ጣቷን አስኪዳበት ይህ የእገሊት ነው፣ ይህ የእገሊት ነው ትላለች። ለአማረች የመጀመሪያ ሰርግ የሚሆነውንም እንዲያ አድርገን ሠርተን፣ ባጃጅ በሌለበት ዘመን በጭነት መኪና ተጭነን፣ እየተንገጫገጭን ገሱባ ድረስ ወሰድነው። ያ ባሏ ክፉ አልነበረም፤ እናቱ ግን ገና አልጋው ላይ ሲነጠፍ አይታ "ይኸማ ለእንግዳ ነው" ብላ አንሥታ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችው። የሚመጥነው እንግዳ ደግሞ አልመጣም። አስተማሪ መጣ፣ አልበቃም፤ የወረዳ ሹም መጣ፣ አልበቃም። አማረች ልጆች ወለደች፣ ወደ ሶዶ ተመልሳ አሳደገች፣ ባሏን ቀበረች፤ ያን የአልጋ ልብስ አንድ ቀን ሳትተኛበት አይጥ በላው። ለእንግዳ እያልን ራሳችን እንደ እንግዳ በገዛ ቤታችን የኖርን ሞኞች ነበርን፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

እንግዲህ ዘንድሮ ሥራውን ብቻዬን ጀመርኩ። ከዚያን ጊዜዎቹ ጓደኞች ገሚሶቹ አርፈዋል፣ ገሚሶቹ ሐዋሳና አዲስ አበባ ልጅ ቤት ገብተው ቴሌቪዥን ያያሉ። ሥራው እየሄደ ሳለ አንድ ቅዳሜ የአማረች ልጆች ቤቴ መጡ። ሜሮን እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ ወንድሟ ታምራት ባንክ ነው። ከመኪና ሲወርዱ ጫማቸው ጭቃ እንዳይነካ እየዘለሉ ገቡ። ሁለቱም በእጄ ላይ ያደጉ ናቸው፤ የታምራትን ንፍጥ በገዛ ቀሚሴ ጠርጌያለሁ።

"እትዬ ጥሩ" አለች ሜሮን፣ "የእማዬን ነገር ተወያይተንበት ኦኬ ብለናል።"

"ማንን አስፈቅዳችሁ ነው እናንተ ኦኬ የምትሉት?" አልኳት።

ታምራት ጣልቃ ገባ። "እንደዚያ አይደለም እትዬ። ሰው ምን ይላል የሚለውን አስበን ነው። በዚህ ዕድሜ ትዳር ማለት እኮ ለመጠያየቅ ነው። ለኬር። እሱም ብቻውን ነው፣ እሷም ብቻዋን ናት። ያን ሁሉም ይረዳል።"

"ስለዚህ" አለች ሜሮን፣ "መኝታ ቤቱን አድሰነዋል። ሁለት አልጋ አስገብተናል፣ ቆንጆ ቆንጆ የአንድ ሰው አልጋ፣ መሐላቸው ኮመዲኖ። እርስዎም ዳንቴል እየሠሩ ነው ስለተባለ ሁለት ትንንሽ ቢያደርጉት ብለን ነው። ከመጋረጃው ጋር ማች እንዲያደርግ ክሬም ቢሆን ጥሩ ነው።"

ይኸውላችሁ። አንዷ ዶክተር ልትሆን የቀራት ጥቂት ነው አሉ፣ ሌላው የሰው ብር ይጠብቃል፤ ሁለቱ ተደምረው የእናታቸውን አልጋ ለሁለት ከፈሉት። እነሱ ራሳቸው ከየት የመጡ ይመስላቸዋል? ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚባለው እውነት ነው። ሻይ አፈላሁላቸው፣ ጠጡ፣ ክሬም ቀለም ያለውን ፎቶ በስልክ ላኩልኝና እየዘለሉ ወደ መኪናቸው ሄዱ።

በማግሥቱ አማረች ቤት ሄድኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች። ገና ሳልቀመጥ "አየሽ አልጋዎቹን?" አለችኝ። ገብቼ አየሁ። ጠባብ፣ ነጭ፣ ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ የተለጠፉ፤ መሐላቸው ኮመዲኖ፣ ኮመዲኖው ላይ የላስቲክ አበባ። የሐኪም ደወል ብቻ ነው የጎደለው።

"ሚቼ" አለችኝ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ እኅቴ ማለት ሲያሰኛት እንዲህ ነው የምትለኝ። "እኔ ባል ነው ያገባሁት ወይስ ሆስፒታል ነው የገባሁት? እሱ እዚያ ማዶ፣ እኔ እዚህ። ሲያስለኝ ተነሥቶ ጫማ ፈልጎ ነው የሚመጣ?"

"ታዲያ ንገሪያቸው።"

"ምን ብዬ?" ጎመኑን ጣለችው። "እናት ናት እኔ። ለልጅ 'አንድ አልጋ አምጡልኝ' ይባላል? ሜሮን ፊት ይህን ነገር አውጥቼ? አፈር ነው የምበላ።"

"ማርቆስስ አይናገርም?"

"እሱማ ሲያያቸው 'ሎኦ ነው፣ ጥሩ ነው' አለ፣ አመሰገናቸው።"

ሎኦ ነው አለ! በዚያች ቀን ማርቆስን ከነጭራሹ ናቅኩት። ሲደበድቡትም ጥሩ ነው የሚል ሰው ነው አልኩ። ነገር ግን አማረችን ሳያት መሳለቁ ከአፌ ጠፋ። ያን ሁሉ ዓመት የሌላ ሰው ጋን ስታጥብ፣ የልጅ ደብተር ስትሸፍን፣ የባል እናት ስታስታምም የኖረች ሴት ናት፤ ለራሷ አንዲት ነገር ፈለገች፣ እሷንም በአፏ መናገር አልቻለችም። ይህን ለልጅ መናገር በእኛ አገር አይቻልም። እኔም ብሄድላት ያው ነውር ነው፤ እናታቸው ልካኝ ነው የሚሉት። አዘንኩ፣ ተናደድኩም።

ቤቴ ገብቼ የጀመርኩትን ተረተርኩት። ሰፋ አድርጌ እንደገና ጀመርኩ፤ ነጭ፣ ክሬም ያልነካው፣ ለአንዱም አልጋ ብቻ የማይሆን። መነጽሬን እያደረግኩ፣ እያወለቅኩ፣ ሚያዝያን አጋመስኩት። ጎረቤቶቼ ሲመጡ "ለማን ነው ይኼ ሁሉ፣ ለድንኳን ነው?" ይሉኛል። "ለሰው ነው" እላቸዋለሁ።

የሰርጉ ዕለት ድግሱ አማረች ቤት ነበር። ከጸሎት ቤቷ ሽማግሌዎች መጥተው ባረኩ፣ መዘምራን ዘመሩ፣ ዳታ በርበሬ በየሳህኑ ጠርዝ ተቀመጠ። ልጆቹ ሳሎኑን በፊኛ ሞልተውት ነበር፤ ግድግዳው ላይ ፈረንጅኛ ተጽፏል፣ ማን እንዲያነበው እንደ ሆነ እንጃ። አማረች ነጭ ጥበብ ለብሳ ነበር። አማረባት፤ ይህን ስጽፍም አማረባት። ማርቆስ ከትከሻው የሰፋ ኮት ለብሶ አንገቱን ሰብሮ ተቀምጦ፣ ሰው ባለፈ ቁጥር ከወንበሩ ግማሽ እየተነሣ ሰላምታ ይሰጣል።

እንግዳው ምሳ ላይ ሳለ ጥቅልሌን ይዤ መኝታ ቤት ገባሁ። የሙሽራዋን አልጋ የምታነጥፈው ጓደኛዋ ናት፤ ይህንን ልጆቹም ስለሚያውቁ አልከለከሉኝም። ሜሮን ግን ተከተለችኝ። ወንድሟም ከኋላዋ። የአልጋ ልብሱን ዘርግቼ ከወዲህኛው ግድግዳ ጥግ ያለው አልጋ ላይ ጣልኩት። አልጋውን አለፈ፣ መሬት ላይ ተንዘረፈፈ፣ ኮመዲኖው እግር ሥር ደርሶ ተከመረ።

"እትዬ፣ ሁለት አልነበረም እንዴ?" አለች ሜሮን።

"አንድ ነው" አልኩ።

"በጣም ትልቅ ነው እኮ። መሬት ይጎተታል።"

"አዎ።"

"ታጥፎ ይቀመጥ ለጊዜው" አለ ታምራት። "ለእንግዳ ጊዜ…"

ይህን ሲል አማረች በሩ ላይ ቆማ ነበር። መቼ እንደ መጣች አላየሁም። የአልጋ ልብሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፤ ገባት። ፊቷ ላይ ደም ሲመጣ አየሁ። ለመናገር አፏን ከፈተች፣ ልጆቿን አየች፣ መልሳ ገጠመችው። ክሩ የሚናገረውን ተናግሮ ጨርሷል፣ ከዚህ በኋላ የእኔ ሥራ አይደለም። ማርቆስ ሚስቱን ፍለጋ ከኋላዋ መጣ። አሁን ይኸኛው ደግሞ ሎኦ ነው ሊል ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ዕቃ ሲንኳኳ ገለጥኩት። ማርቆስ ኮቱን አውልቆ ለታምራት አስይዞታል። ኮመዲኖውን ከነላስቲክ አበባው አቅፎ ጥግ አስቀመጠው፤ ከዚያ ወዲያ ማዶ ያለውን አልጋ በጉልበቱ ገፋው። የአልጋው እግር ሲሚንቶው ላይ እየፋጨ፣ ሳሎን ያለው ሰው ሁሉ ምግቡን አቁሞ እስኪያዳምጥ ድረስ እየጮኸ መጥቶ ከወዲህኛው ጋር ገጠመ። ሽማግሌው ላበት። ማንንም ቀና ብሎ አላየም። የፍራሾቹን መጋጠሚያ በመዳፉ ሁለቴ ጫን ጫን አድርጎ አየውና ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ጋሼ…" አለ ታምራት።

"ሜሮን" አለች አማረች። ድምፅዋ የልጅነቷ የገሱባ ድምፅ ሆኗል። "በዚያ በኩል ያዣት።"

ሜሮን የዳንቴሉን ጫፍ ያዘች። እኔ አንዱን፣ አማረች አንዱን፣ ማርቆስ አንዱን። ዘረጋነው፣ ልክ መጣ። በግራም በቀኝም ተንጠልጥሎ ከወለሉ ጥቂት ቀረው። አማረች ዳር ላይ ተቀመጠችበት፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ጣቷን አበቦቹ ላይ አስኬደች። ሁሉም የእኔ ናቸው፣ የምትለየው አልነበራትም።

"አሁን ውጡ" አለች። "እግሬ አልቋል። እንግዶቹን አብሉ።"

ልጆቿ ወጡ። ለእነሱ ብቻ መስሎኝ ቆሜ ቀረሁ።

"አንቺም፣ ጥሩዬ" አለችኝ፤ በሩንም ራሷ ተነሥታ ዘጋችው።